ሳይነጠፍ የሚቀር መሬት ለልጆቻችን

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር፤
ለከተማው ትምህርት መምሪያ፤
በከተማችን ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፤

ጉዳዩ፦ ልጆች በገዛ እጃቸው የሚሠሩበት ቦታ፣ ጊዜና ቁሳቁስ እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

እኔ በባሕር ዳር ከተማ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ የምተዳደርና ልጆች የማሳድግ ነዋሪ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በየዓመቱ የትምህርት ወራት አጋማሽ ላይ ወደ ሥራ ቤቴ የሚመጣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ነው። አባት ወይም እናት የልጃቸውን ደብተር ገልጠው መምህሩ ያዘዘውን የቤት ሥራ ያሳዩኛል፤ የሣር ጎጆ፣ የነፋስ ወፍጮ፣ የመኪና ወይም የታንኳ ሞዴል ተሠርቶ እንዲመጣ ይላል። ቀጥሎ የሚነሣው ዋጋው ስንት እንደሆነና እስከ ዓርብ ይደርስ እንደሆነ ነው። ልጁ አብሮ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። እንዲያውም አንዲት እናት፣ ሥራው ከልክ በላይ ካማረ መምህሩ ይጠረጥራል ብለው ሰግተው፣ «የልጅ ሥራ እንዲመስል አንዱን ጎን ጠመም ያድርጉልኝ» ብለውኛል። ብልህ ሴት ናቸው፤ አልፈርድባቸውም።

እንዲህ ያለውን ትእዛዝ አልቀበልም። ቁርጥራጭ ጣውላ፣ ትርፍ ኮምፔንሳቶና ጥቂት ሚስማር በነፃ ሰጥቼ ልጁን ይዘውት እንዲመጡ፣ መጋዙንም አጠገቡ ቆሜ እንደማስይዘው እነግራቸዋለሁ። ጥቂቶች ይመጣሉ። የሚበዙት አመስግነውኝ ትእዛዙን ወደሚቀበል ሌላ ቤት ይሄዳሉ፤ ምክንያታቸውም አይገባኝም አልልም፤ ነጥቡ የሚሰጠው ለንጽሕናውና ለቀለሙ ስለሆነ፣ ልጃቸው በገዛ እጁ ያቆመው ጠማማ ጎጆ በባለሙያ እጅ ከተሠራው ጎን ሲቀመጥ ዝቅተኛውን ውጤት ያገኛል። ልጁ ከዚህ ምን እንደሚማር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም።

እኛ ባደግንበት ዘመን መጫወቻ ተገዝቶለት የሚያድግ ልጅ ጥቂት ነበር። የሽቦ መኪና ያልነበረው ወንድ ልጅ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህ መኪና እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር እንድጽፍ ይፈቀድልኝ፤ ዛሬ በየመድረኩ ስለ ፈጠራ ስንናገር የምንዘለው ይህንን ዝርዝር ይመስለኛልና። መጀመሪያ ሽቦ ይፈለጋል፤ የሚገኘውም ከአጥር የተረፈ፣ የዛገና የተጣመመ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እያንከባለሉ በሌላ ድንጋይ እየቀጠቀጡ ያቃኑታል። ፒንሳ ስለሌለ ሽቦው የሚቆረጠው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ በማጠፍና በመዘርጋት ነው፤ መታጠፊያው ጣት እስኪያቃጥል ይግላል፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይበጠሳል። ብረት በመታጠፍ ብዛት እንደሚደክም ማንም ሳይነግረን ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው። ጎማው ከተጣለ ሲሊፐር ሶል ይቆረጣል። ክቡን ለማስመር የቆርቆሮ አፍ ይደፋበትና ዙሪያው በከሰል ይሰመራል፤ ጣጣው ያለው መሐሉን ማግኘቱ ላይ ነው፤ መሐሉን የሳተ ጎማ መኪናውን እያነጠረ ይሄዳል። አንድ የሰፈራችን ታላቅ ልጅ ያሳየን መላ፣ ወረቀት በክቡ ልክ ቆርጦ ሁለት ጊዜ ማጠፍና ሁለቱ እጥፋቶች የሚገናኙበትን ነጥብ በእሾህ መውጋት ነበር። ከዓመታት በኋላ የሒሳብ መምህራችን ስለ ክብ ማዕከል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያስረዱ፣ ነገሩ ለብዙዎቻችን ቀድሞ በእጃችን ያለፈ ነበር። ከሁሉም የሚያስቸግረው መሪው ነው። ቆመን የምንይዘው ረጅም ሽቦ ወርዶ ከፊተኛው ጎማ ጋር የሚገናኝበት ቀለበት ከጠበበ መኪናው አይታጠፍም፤ ከሰፋ ደግሞ ጎማው እየተወላገደ መንገዱን ይስታል። ያንን ቀለበት በልኩ ለማድረግ ከሰዓቱን ሙሉ አቀርቅሮ የሚውል ልጅ ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም ነጥብ አልሰጠውም።

በሐይቁ ዳርቻ ሌላ ትምህርት ነበር። የወይጦ ማኅበረሰብ አባቶች ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ በነዶ በነዶ እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ ቆመን እናይ ነበር፤ ልጆቻቸው ደግሞ ከማየት አልፈው ክንድ የምታህል ታንኳ ራሳቸው አስረው ውኃ ላይ ይለቁ ነበር። የደንገል ዘንግ ሦስት ጎን አለው፤ ውስጡ ነጭና ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ የላዩ ልጥ ግን ጠንካራ ስለሆነ ለማሰሪያ ይሆናል። በአንደኛው ወገን ወፍራም ዘንግ ከበዛ ታንኳዋ ታጋድላለች፤ ልጁ ያወጣታል፣ ፈትቶ ያስራታል፣ ደግሞ ይለቃታል። የሚያርመው ውኃው ራሱ ነው።

ሴቶች ልጆች ከዚህ ነፃነት እኩል አልተካፈሉም፤ ውኃ መቅዳቱ፣ ታናሽ ማዘሉና ማዕድ ቤቱ ቀድመው ይጠብቋቸው ነበር። በተረፋቸው ሰዓት ግን እቃቃ ሲጫወቱ ከጭቃ ድስትና ምጣድ ያበጁ፣ ከበቆሎ ቆረቆንዳና ከእራፊ ጨርቅ አሻንጉሊት ይሠሩ፣ የበቆሎውን ፀጉር ሹሩባ ይጎነጉኑ ነበር። ከእናቶቻቸው አጠገብ ቁጭ ብለው በስንደዶና በአክርማ ስፌት ሲጀምሩ ደግሞ፣ የሰፌዱ ጥለት ዙሩን ጠብቆ እንዲገጥም ስንት ስንት መቁጠር እንዳለባቸው ያለ ወረቀት ያሰሉ ነበር። በዓላቱም የሥራ ቀጠሮዎች ነበሩ። ለቡሄ ጅራፉን እያንዳንዱ ልጅ ራሱ ይገምዳል፤ ለእንቁጣጣሽ አበባውንና መልአኩን ራሱ ስሎ ለጎረቤት ያድላል። አሁን የእንቁጣጣሹ ሥዕል ታትሞ ይሸጣል፤ ልጁም ገዝቶ ያድላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ይኖርብኛል፤ የእኔ ትውልድ ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ድህነትን እንደ ባለውለታ የማመስገን ልማድ አለባቸውና። ችግር በቅቤ ያስበላል ይባላል፤ ይህ ግን ቅቤው በቤቱ ላለ ሰው የተነገረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የሀገር አቀፉ 38 በመቶ ነበር። በሕፃንነት የሚያጋጥም የምግብ እጥረት የአእምሮን ዕድገት እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። የተራበ ልጅ ሽቦ ሲያቃና አይውልም። ከእኛም መካከል ከብት በመጠበቅ፣ ጫማ በመጥረግና ሸክም በመሸከም ቀኑን የሚፈጁ ልጆች ነበሩ፤ ድህነት ፈጣሪ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ከሁላችንም የሚቀድሙት እነሱ በሆኑ ነበር። የሽቦ መኪና የሠራነው በልተን ያደርነውና ከሰዓታችን የተተወልን ነን። ስለዚህ ልጆቻችን እንዲቸገሩ የሚጠይቅ ደብዳቤ እየጻፍኩ አለመሆኔን ከወዲሁ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ።

ታዲያ ይጠቅመን የነበረው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 ራቪ ሜታ እና ሜንግ ዙ የተባሉ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ነገሩን ጠጋ ብሎ ለማየት ይረዳል። በአንደኛው ሙከራቸው ተሳታፊዎቹን ከፍለው፣ ከፊሎቹ በእጥረት ውስጥ ስለማደግ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሁሉ ነገር ተትረፍርፎ ስለማደግ እንዲጽፉ አደረጉ፤ ከዚያ የተረፈ የዕቃ መጠቅለያ ፕላስቲክ ለምን ሊውል እንደሚችል መላ እንዲፈልጉ ጠየቋቸው። ስለ እጥረት የጻፉት ያመጡት ሐሳብ የበለጠ አዲስ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ከተሳታፊዎቹ ማንም ድሃ አልተደረገም። የተለወጠው ዕቃውን የሚያዩበት ዓይን ነው፤ እጥረትን ያሰበ ሰው አንድን ዕቃ ከተሠራለት አገልግሎት ውጭ አድርጎ ማየት ይጀምራል። ሲሊፐሩ ጎማ የሚሆነው እንዲህ ባለው ዓይን ሲታይ ነው።

ሁለተኛው ነገር የዕቃው ዓይነት ነው። ሳይመን ኒኮልሰን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በአንድ ቦታ ላይ የሚታየው የፈጠራ መጠን የሚወሰነው እዚያ በሚገኙት፣ ሰው እንደፈለገ ሊያንቀሳቅሳቸውና ሊለዋውጣቸው በሚችላቸው ነገሮች ብዛትና ዓይነት ነው ሲል ተከራክሯል። ጭቃ፣ አሸዋ፣ ውኃ፣ ገመድ፣ ሳጥን፣ ቆርኪና ቅርንጫፍ ለዚህ ይሆናሉ፤ ቁልፉ ሲጫን አንድ ዓይነት ዘፈን ብቻ የሚዘፍን መጫወቻ አይሆንም። በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናትም ወደዚህ የሚያመራ ነው፤ 36 ሕፃናት አንድ ጊዜ አራት፣ ሌላ ጊዜ 16 መጫወቻዎች ባሉበት ክፍል እንዲጫወቱ ሲደረግ፣ አራት ብቻ በነበሩበት ጊዜ በእያንዳንዱ መጫወቻ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል፣ የሚጫወቱበትም መንገድ የበለጠ የተለያየ ነበር። ይህ ለወላጅ ኪስ መልካም ዜና ነው፤ ሻጮች ባይወዱትም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እርሱም ዕውቀት የሚገኝበት ሰው ወይም መጽሐፍ ነው። የማላዊው ዊልያም ካምክዋምባ ታሪክ በብዙ ቦታ የሚነገረው ችግር ያስተማረው ልጅ ተደርጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ሀገሩን ረሃብ ሲመታ ቤተሰቡ የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል አቃታቸውና ከትምህርት ቀረ፤ በኋላም ከብስክሌት አካላት፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከባሕር ዛፍ እንጨት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የነፋስ ማሽን ሠራ። በዚያ ረሃብ ግን ብዙ ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል፤ የነፋስ ማሽን አልሠሩም። በዊልያም መንደር አቅራቢያ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነበረች፤ የነፋስ ማሽን ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ያገኘው እዚያ ነው። ለእኛም የክቡን መሐል ያሳየን ያ ታላቅ ልጅ ባይኖር ኖሮ ጎማችን እየነጠረ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው አስተዳደጋችን ልምጣ። የከተማችን ወላጅ ልጁን ቤት የሚዘጋበት ስለማይወደው አይደለም። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው በተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ሲሆን፣ ልጅ ያለውን ተከራይ የማይቀበል አከራይ እንዳለ ቤት የፈለገ ሁሉ ያውቃል፤ የተቀበለውም ቢሆን ግድግዳዬ ተጫረ፣ አትክልቴ ተረገጠ እያለ ነው። ከበር ሲወጣ ባጃጅ ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በተከሠተው ግጭት ምክንያት ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች ብዙ ናቸው፣ በቤት ያሉትንም ወላጅ ከዓይኑ ማራቅ ቢፈራ የሚገርም አይሆንም። በዚህ ላይ የቤት ሥራው፣ አስጠኚውና የቅዳሜው ትምህርት ተጨምሮ፣ ለልጁ የሚተርፈው ሰዓት እናቱ እራት የምትሠራበት ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ስልኩን ሰጥቶ ማስቀመጥ ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከሁለት እስከ አራት ዓመት ለሆኑ ልጆች ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ዓመት ላልሞላው ደግሞ ፈጽሞ እንዳይሰጥ ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስልኩን ቀምቶ በምትኩ ባዶ ግድግዳ ለሚሰጥ ቤት ምንም አያደርግም። ስልኩ የያዘውን ቦታ የሚይዝ ሌላ ነገር ካልተዘጋጀ ወላጅን መውቀሱ ከንቱ ነው።

የዚህን ሁሉ ውጤት በሥራ ቤቴ አየዋለሁ። ከቴክኒክና ሙያ የሚመጡ ወጣቶች ለልምምድ ሲላኩልኝ፣ በወረቀት ላይ እኩል ሆነው የሚመጡት ጣውላው በሁለት ጣት አጥሮ በተገኘ ቀን ይለያያሉ። አንዱ ሥራውን አቁሞ «ጣውላው አጥሯል» ብሎ ይነግረኛል። ሌላው ቆም ብሎ ያየዋል፤ መጋጠሚያውን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ወይም ከጎን ቀጭን ክፋይ ጨምሮ ንድፉ ከመጀመሪያውም እንደዚያ የታሰበ አስመስሎ ይጨርሰዋል። ይህንን ሁለተኛውን ልጅ ባወራሁት ቁጥር፣ በልጅነቱ ሬዲዮ ፈትቶ የተገረፈ፣ የብስክሌት ከመነዳሪ ሲለጥፍ የዋለ ወይም ከአያቱ ጋር ገጠር ያደገ ሆኖ አገኘዋለሁ። ይህ የአንድ ሠራተኛ ትዝብት ነው፣ ጥናት አይደለም፤ ነገር ግን ማንን እንደምቀጥር የምወስነው በዚሁ ነው።

ክቡራን የከተማው አስተዳደር ኃላፊዎች፣

በኮሪደር ልማቱ የከተማችን መንገዶችና የሐይቁ ዳርቻ መልክ እየያዙ ነው፤ እግረኛና ብስክሌተኛ የሚሄድበት መንገድ መከፈቱን በአድናቆት ከሚያዩት አንዱ ነኝ። ነገር ግን ያለው ሁሉ ሲነጠፍ፣ ሣሩ ሲከረከምና በአጥር ሲከበብ፣ ልጅ የሚቆፍረው አንድ ክንድ መሬት እንኳ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። ሸርተቴና ዥዋዥዌ መትከል ጥሩ ነው፤ ልጁ ግን ሁለቱን ጨርሶ ሲያበቃ የሚለውጠው ነገር የለም። ስለዚህ የምጠይቀው በየክፍለ ከተማው ሳይነጠፍ የሚቀር አንድ ቦታ ነው፤ አፈርና አሸዋ ያለበት፣ ያረጀ ጎማ፣ ሳጥን፣ ቁርጥራጭ ጣውላ፣ ገመድና የተጣለ በርሜል የሚከማችበት፣ ልጆች የሚያቆሙበትና የሚያፈርሱበት።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዴንማርካዊው የመልክዓ ምድር ነዳፊ ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ልጆች እርሱ ከነደፋላቸው መጫወቻ ሜዳዎች ይልቅ ግንባታ የሚካሄድባቸውንና ዕቃ የተጣለባቸውን ቦታዎች እንደሚመርጡ አስተውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943፣ ሀገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ በኮፐንሃገን ኤምድሩፕ በተባለ ሰፈር በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ሜዳ ተከፈተ፤ የተሞላውም በውራጅ ዕቃ ነበር። ሌዲ አለን ኦፍ ኸርትዉድ የተባሉ እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1946 ጎብኝተውት ሐሳቡን ወደ ሀገራቸው ወሰዱ፣ በቦምብ በፈረሱ ሰፈሮች ክፍት መሬት ላይም ተመሳሳይ ሜዳዎች ተከፈቱ። በቶኪዮ ሴታጋያም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሐኔጊ የሚባል እንዲህ ያለ ቦታ አለ። በሁሉም ዘንድ ቋሚ ደንብ የሆነው፣ ልጆቹን የማያዝ ነገር ግን ከቦታው የማይጠፋ፣ የዛገ ሚስማር የሚለቅምና መጋዝ አያያዝ የሚያሳይ አንድ አዋቂ መኖሩ ነው። ኤምድሩፕ ሲጀመር ይህንን ሥራ የያዘው ጆን በርተልሰን የተባለ ሰው ነበር። ለእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት አያስቸግርም፤ ጡረታ የወጣ አናጺ ወይም የእጅ ሥራ መምህር በየሰፈሩ አለ።

ቦታው ከውኃው ዳር እንዲርቅ አጥብቄ እመክራለሁ። እኔ በጣና ዳርቻ የተጫወትኩበትን ልጅነት ብወደውም፣ ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬ አለበት፣ ያሰጥማልም። ናፍቆት የከተማ ፕላን ሊሆን አይገባም። ደንገሉን ግን ወደ ልጆቹ ማምጣት ይቻላል፤ ታንኳ የሚሠሩ የወይጦ አባቶች ተገቢው ክፍያ እየተከፈላቸው በሳምንት አንድ ቀን መጥተው ቢያሳዩ፣ ልጆቹ በገንዳ ውኃ ላይ የሚለቁት ታንኳ ራሳቸው ያሰሩት ይሆናል፣ ባለሙያዎቹም ለረጅም ዘመን የተነፈጉትን ክብር በጥቂቱ ያገኛሉ። የክረምቱ ዝናብም መታሰብ አለበት፤ ልጆች ትርፍ ጊዜ የሚኖራቸው በክረምት ስለሆነ፣ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ግድግዳ የሌለው ዳስ ካልተሠራ ቦታው በሚፈለግበት ወቅት ጭቃ ሆኖ ይከርማል። ከዚህ ሌላ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ የልጆችን የዕረፍትና የመጫወት መብት ደንግጓልና፣ ጥያቄው የቸርነት ሳይሆን የመብት ጥያቄ ሆኖ እንዲታይ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ክቡራን የትምህርት መምሪያ ኃላፊዎችና መምህራን፣

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት በአንደኛ ደረጃ መግባቱ፣ በ7ኛና 8ኛ ክፍልም የሙያና ቴክኒክ ትምህርት መሰጠቱ ትልቅ ነገር ነው። የምጠይቀው ሞዴል ተሠርቶ ከቤት እንዲመጣ ማዘዝ እንዲቀር ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ ይሠራ፤ ቁሳቁሱም ልጁ ያለ ገንዘብ የሚያገኘው ይሁን። ነጥቡ ለማማሩ ሳይሆን ልጁ ለሚሰጠው መልስ ይሰጥ፤ ይህንን ለምን እዚህ ላይ አሰርከው፣ መጀመሪያ ስትሞክር ምን ሆነ፣ ከዚያ ምን ለወጥክ? እነዚህን ጥያቄዎች ሞዴሉ በትእዛዝ የተሠራለት ልጅ ሊመልሳቸው አይችልም፤ የሠራው ልጅ ግን ከመድረኩ አልወርድም ይላል። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ይዘው የሚያስተምሩ መምህራን ጊዜ እንደማይበቃቸው አውቃለሁ፤ በቡድን ማሠራትና በየሳምንቱ ጥቂት ቡድኖችን ብቻ መጠየቅ ይቻላል። በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተማሪዎቹን ከጅምሩ ወርክሾፕ እያስገባ ያስተምር እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፤ በእጅ መማር ለከተማችን እንግዳ ነገር አይደለም።

ለወላጆች የምለው አጭር ነው፤ እናንተም እንደ እኔ ደክሟችሁ ነው የምትገቡት። በቤት ውስጥ አንድ ካርቶን ይቀመጥ፤ ባዶ የዘይት ጀሪካን ክዳን፣ የፈረሰ እስክሪብቶ፣ ቁራጭ ገመድ፣ ቆርኪ፣ ያረጀ ካልሲ ይጠራቀምበት። ልጁ «ሰለቸኝ» ሲል ወዲያው አትድረሱለት፤ ጥቂት ከተነጫነጨ በኋላ ወደ ካርቶኑ ይሄዳል። የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ አትጠይቁት፣ አታቃኑለትም። ልብሱ ይቆሽሻል። ሴት ልጆቻችሁን ደግሞ ወንድሟ ሲጫወት ዕቃ እንድታጥብ አታድርጓት፤ እኛ ያጠፋነውን የእህቶቻችንን ሰዓት መመለስ አንችልም፣ የእነዚህኛዎቹ ግን በእጃችን ነው።

በበኩሌ ከሥራ ቤቴ በየሳምንቱ የሚወጣውን የጣውላና የላሜራ ቁርጥራጭ፣ ስለቱን አስተካክዬና ሚስማሩን ነቅዬ፣ ለሚከፈተው ቦታ ያለ ክፍያ ለማቅረብ፣ እሑድ ከሰዓትም ተገኝቼ የመሣሪያ አያያዝ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ። ያነጋገርኳቸው ሌሎች የእንጨት፣ የብየዳና የብስክሌት ጥገና ባለሙያዎችም ተመሳሳይ ፈቃደኝነት ገልጸውልኛል። ከእናንተ የምንጠብቀው፣ ትምህርት ተዘግቶ ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ቢያንስ በአንድ ክፍለ ከተማ ቦታው የት እንደሚሆን ወስናችሁ፣ ዳሱን የሚሠራውና ጠባቂውን የሚቀጥረው የሥራ ክፍል የትኛው እንደሆነ ለነዋሪው በጽሑፍ እንድታሳውቁ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣

በባሕር ዳር ከተማ የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ባለሙያና ወላጅ